አውቶባን፦ ሸክላ ላይ የተዘረጋ መንገድ

የመኪና በር ይዘጋል። ቁልፍ ይዞራል፤ ሞተር ይነሳል፤ ክላክስ ይጮኻል። ከዚያ ጎማዎቹ መንከባለል ይጀምራሉ። ዘፋኝ የለም፤ ከበሮም ገና አልተመታም። ቦን ከተማ፣ ለአክስቴ ልጅ ቤት ያከራዩአት አዛውንት ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ይህን ስሰማ ዐይኔ ወዲያው ወደ መስኮቱ ሄደ። ደጁ ጭር ብሏል። ድምፁ የሚመጣው ሽማግሌው በጥንቃቄ መርፌ ካሳረፉበት ሸክላ ነው። ሞተሩን ግን ጆሮዬ ለየው። ያ ከኋላ በኩል የሚንደቀደቅ ድምፅ የቮልስ ነው! አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው የቮልስን ሞተር ከብዙ መኪና መሀል ለይቶ ያወጣዋል። ከአገሬ ይህን ያህል ርቄ፣ በማልናገረው ቋንቋ፣ ሰምቼው በማላውቅ ሙዚቃ መግቢያ ላይ የሰፈሬን መኪና አገኘሁ።

ቀጥሎ በማሽን ውስጥ ያለፈ የሰው ድምፅ የአልበሙን ስም ይጠራል፦ አውቶባን። የጀርመኖች የፍጥነት መንገድ። ስሙ ተጠርቶ ሳያበቃ ከሥሩ አንድ የባስ ዜማ ብቅ ይላል፤ ለስላሳ፣ የማይቸኩል፣ ወደፊት ብቻ የሚሄድ። ከላዩ ደግሞ ፀሐይ የወጣች የሚያስመስል ሌላ ዜማ ይመጣል። እኔ ዘፋኙን እየጠበቅሁ ነው። ጆሮዬ የተኮተኮተው ግጥም በሚመዘንበት አገር ነው፤ አንድ አዲስ ዘፈን ሲወጣ መጀመሪያ የምንጠያየቀው «ምን አለ?» ብለን ነው። ስንኙን እንሰነጥቃለን፣ ወርቁን እንፈልጋለን፣ ስለማን እንደተዘፈነ እንከራከራለን። እዚህ ግን ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ የሚባለው ነገር ጥቂት ነው። ሲባልም ስለ መንገዱ ነው፤ ስለ አስፋልቱ፣ ስለ ነጩ መስመር፣ ስለ ዳር ዳሩ አረንጓዴ። ፍቅረኛ የለችም፣ ናፍቆት የለም፣ ስንብት የለም። ሆኖም ልቤ ተሞልቷል። ምን እየሆንኩ ነው?

«ዝም ብለህ ስማ፤ ገና ነው» አለችኝ የአክስቴ ልጅ፣ ፊቴን አይታ።

ገና ነበር እውነትም። ይህ አንድ ዘፈን 22 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ይረዝማል። የሸክላውን አንዱን ፊት እሱ ብቻውን ይዞታል። ሽማግሌው ሽፋኑን ሰጡኝና እየሰማሁ አገላበጥኩት። ፊት ለፊቱ የተሳለው ሥዕል ሰፊ መንገድ፣ ተራሮች፣ ጨረሯን የዘረጋች ትልቅ ፀሐይ፣ አንድ ጥቁር መርሴዲስና አንድ ነጭ ቮልስ ነው። ቮልሷን በጣቴ እየነካሁ ሳቅሁ። ሥዕሉን የሳለው ኤሚል ሹልት ይባላል፤ በዱሰልዶርፍ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከታዋቂው አርቲስት ከዮሴፍ ቦይስ ሥር የተማረ ሰው ነው፤ የዘፈኑን ቃላት ከሙዚቀኞቹ ጋር የጻፈውም እሱ ነው። ሸክላው የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1974 ነው። ይህን ስሰማ ትንሽ ቆም አልኩ፤ በእኛ አቆጣጠር 1967 ዓ.ም.፣ ኅዳር ገደማ መሆኑ ነው። ያ ኅዳር በኛ ቤት የሚነሳው በዘፈን አይደለም። እነዚህ ወጣቶች መንገድ ላይ ፀሐይ ሲያዩ፣ አዲስ አበባ ንጉሡ ወርደው አብዮቱ ገና ወራቱን እየቆጠረ ነበር። ዓለም በአንድ ወር ስንት ዓይነት ኑሮ ትኖራለች!

ቡድኑ ክራፍትቨርክ ይባላል። መሥራቾቹ ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር የተወለዱት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1947 ነው። ባደጉበት አገር ሬዲዮው ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የመጣ ሙዚቃ ያጫውት ነበር። እነሱ ደግሞ የሚኖሩበትን ቦታ የሚመስል ድምፅ ፈለጉ፤ ፋብሪካ፣ ባቡር፣ የራይን ወንዝ፣ አስፋልት ያለበትን። በጀርመንኛ መዝፈናቸው ራሱ በዚያን ጊዜ ድፍረት ነበር። መሣሪያቸው ሚኒሙግ የሚባል ሲንተሳይዘር ነበር። የሁተር ሚኒሙግ ዋጋ ከቮልስዋገኑ ጋር እኩል እንደነበር እሱ ራሱ ተናግሯል። እኔ ይህን አንድ ነገር ደጋግሜ አስባለሁ። አንድ ወጣት የአንድ መኪና ዋጋ ለአንድ ኪቦርድ ከፍሎ፣ በዚያ ኪቦርድ የመኪና ጉዞ ሠራ!

ሽማግሌው የሙዚቃውን ነገር ሲያብራሩልኝ እጃቸው ዐርፎ አልተቀመጠም። ከበሮው ቆዳ የለውም፤ የብረት ሰሌዳ ነው። ቮልፍጋንግ ፍሉር በብረት ዘንግ ሰሌዳውን ሲነካ ኤሌክትሪኩ ይገናኝና ድምፁ ይወጣል። መኪና እየተጠጋ መጥቶ ሽው ብሎ የሚያልፈው ድምፅ ደግሞ ከሲንተሳይዘር የወጣ ነው፤ ከግራ ስፒከር ተነስቶ ወደ ቀኙ ይሻገራል። «አሁን፣ አሁን» እያሉ ጣታቸውን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ይስባሉ፤ እውነትም መኪናው በሳሎኑ መሀል አለፈ። የቅጂውን ሥራ ያገዛቸው ኮኒ ፕላንክ የተባለ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ስቱዲዮው ከኮሎኝ ራቅ ብሎ ቮልፐራት የምትባል መንደር ውስጥ፣ በገበሬ ቤት ነበር። ያን ጊዜ ስቱዲዮው ውስጥ ኮምፒውተር የለም፤ ሁሉም በእጅ ተመትቶ፣ በእጅ ተስተካክሎ፣ በቴፕ ተቀድቶ ነው። ለዚህ መሰለኝ ማሽኑ ቀዝቃዛ ያልሆነው። ውስጡ የሚተነፍስ ሰው አለ።

በማግስቱ መንገድ ወጣን። የአክስቴ ልጅ ዱሰልዶርፍ ጉዳይ ነበራት፤ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ዘፈኑን በስልኬ አዘጋጅቻለሁ። ከቦን ወደ ኮሎኝ የሚወስደው መንገድ ኤ 555 ይባላል። እንደ ሌላው መንገድ መስሎ ይታያል እንጂ የጀርመን አውቶባን ታሪክ ከሚጀመርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በ1932 መርቀው የከፈቱት ያኔ የኮሎኝ ከንቲባ የነበሩትና ከጦርነቱ በኋላ የምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያው መራሔ መንግሥት የሆኑት ኮንራድ አደናወር ናቸው። ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦን ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ዲፕሎማቶች ይከንፉበት ስለነበር የእነሱ የእሽቅድምድም ሜዳ እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

ፍሬቻ አበራች፤ ስፖኪዮ አየች፤ ገባን። የዘፈኑም በር ተዘጋ፣ ሞተሩም ተነሳ።

እንዴት ብዬ ልግለጸው! ባሱ ሲጀምር መኪናችን ፍጥነቷን ይዛለች። ነጫጭ መስመሮቹ ከፊታችን እየመጡ ከሥራችን ይገባሉ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፤ ከምቱ ጋር እኩል! ሰማያዊ ሰሌዳ ይመጣል፣ ያልፋል። ዛፎች ይመጣሉ፣ ያልፋሉ። አንድ ከባድ መኪና ስንቀድም የስልኬ ሽውታና የውጭው ሽውታ አንድ ላይ ሆኑና የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። «ሰማሽ?» እላታለሁ። «ሰማሁ!» ትላለች፤ ሁለታችንም እንደ ልጅ እንስቃለን። ዜማው ቀለል ሲል መንገዱ ቀለል ይላል፤ ዜማው ሲከፈት ሜዳው ይከፈታል። በግራችን አንድ መኪና ነፋስ ሆኖ አለፈን። አውቶባን ላይ ብዙ ቦታ የፍጥነት ገደብ የለም፤ 130 የሚመከር ፍጥነት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። እሷ ግን መሪዋን በቀላሉ ይዛ፣ ትከሻዋ ዘና ብሎ ትነዳለች። ከአገሬ ሹፌሮች ትከሻ ጋር አወዳደርኩት።

የኛ መንገድ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ወጥተህ በየትኛውም በር ብትሄድ መንገዱ ላይ የሚያጋጥምህ ሰው ነው፤ ከገበያ የሚመለስ፣ ደብተር የያዘ፣ በሬ የሚነዳ፣ አህያ የጫነ፣ ዳር ቆሞ በቆሎ የሚሸጥ። ሹፌሩ ክላክስ ሲነፋ ሰላምታም፣ ማስጠንቀቂያም፣ ቁጣም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በአጥር የታጠረ ስለሆነ ትንሽ ይለያል፤ እሱም ላይ ቢሆን ከአጥሩ ወዲያ ማሳውና እረኛው ይታያል። እዚህ ግን እግረኛ የሚባል ፍጥረት የለም። አንድም። የመኪና ውስጥ ሰው እንኳ ከመስታወት በስተጀርባ ጥላ ነው። ይህ ባዶነት በመጀመሪያ ቀን አስፈርቶኝ ነበር፤ ሰዎቹ የት ሄዱ አሰኝቶኛል። ዘፈኑ እየተጫወተ ሳለ ግን ባዶነቱ ሌላ መልክ ያዘ። እነዚህ ሰዎች የገዛ መንገዳቸውን ጆሮ ሰጥተው አዳምጠውታል። ሰው ያልዘፈነበትን ቦታ ጎማው፣ ነፋሱ፣ ሞተሩ እየዘፈነበት እንደሆነ ሰምተዋል። ሰምተውም አልናቁትም፤ ወደዱት። እኔን የማረከኝ ያ መውደድ ነው። የምወዳት ዜማችን ሁሉ ከሰው አፍ፣ ከሰው ጣት ስትወጣ ኖራለች። ከአስፋልት ደግነት ሊወጣ እንደሚችል የነገረኝ ይህ ሸክላ ነው።

ከመሀል ላይ ዘፈኑ ይጨልማል። ዜማው ይሰወርና የሞተር ጩኸት፣ የሩቅ ክላክስ፣ የብረት ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። ኮሎኝ ቀለበት መንገድ ላይ ደርሰን ነበር፤ መኪናው ተጨናንቋል፤ ከባድ መኪኖች በሁለቱም በኩል እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ያን ያህል ገጠመ። የኤ 555 አስፋልት አልቆ ዘፈኑ ገና አጋማሽ ላይ መሆኑም ደስ አለኝ፤ የመጀመሪያውን መንገድ ዘፈኑ በርዝመት በለጠው! ከዚያ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይመጣል። ዘፈኑ ውስጥ ያሉት ተጓዦች ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ ከሬዲዮው የሚሰሙት ራሱን ይህንኑ ዘፈን ነው። እኔም መኪና ውስጥ ሆኜ፣ መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች ሬዲዮ ሲከፍቱ እየሰማሁ ነው። ጀርባዬን ነዘረኝ። ወደ ሰሜን በሚሄደው ኤ 57 ላይ መንገዱ ሲከፈት ዋናው ዜማ ተመልሶ መጣ፤ ድምፆቹ ተደራርበው፣ ተቃቅፈው። ቢች ቦይስ የሚባሉትን የካሊፎርኒያ ልጆች ይወዱ እንደነበር በኋላ ሰማሁ፤ እዚህ ላይ በደንብ ይታወቃል። የባሕር ዳርቻውን ደስታ ራይን ዳር አምጥተው ተከሉት።

ዱሰልዶርፍ ስንገባ የምፈልገው አንድ አድራሻ ነበረኝ። ሚንትሮፕ ጎዳና፣ ቁጥር 16፤ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ክሊንግ ክላንግ የተባለው የክራፍትቨርክ ስቱዲዮ ከሠላሳ ዓመታት በላይ የነበረው እዚህ ነው፤ አሁን ከዚያ ወጥተዋል። ጎዳናው ቅንጣት ጌጥ የለውም። የባቡሩ ድምፅ ይሰማል፤ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ ያልፋል። የሕንፃው በር ፊት ቆሜ ፎቶ አነሳሁ፤ አንድ ሰው አልፎኝ ሲሄድ ፈገግ አለ። እንደኔ የሚመጣ ብዙ መሆን አለበት። ቦታውን ሳየው ሙዚቃው ይበልጥ ተገለጠልኝ። በመስኮት ማዶ ባቡር፣ ከበሩ ወዲህ መኪና፣ ጥቂት ርቆ ወንዙና የፋብሪካው ዓለም። ሩቅ ሄዶ መነሻ መፈለግ አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ወደ ራይን ወረድን። ወንዙ ዳር አንድ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ መስመር ያለው ረጅም ሕንፃ ቆሟል፤ የማነስማን ሕንፃ ይባላል፣ በ1958 የተጠናቀቀ። የነደፈው አርክቴክት ፓውል ሽናይደር-ኤስሌበን ነው። የፍሎሪያን አባት! የኮሎኝ ቦን አውሮፕላን ማረፊያንም የነደፈው እሱ ነው። ቀና ብዬ ሕንፃውን ሳየው የአባትና የልጅ ነገር ፊቴ ላይ ተዘረጋ። አባትየው በብረትና በመስታወት የጣለውን መስመር ልጁ በድምፅ ጥሎታል፤ ተመሳሳይ መደጋገም፣ ተመሳሳይ ንጽሕና፣ ሰማዩን የሚያሳይ ተመሳሳይ ክፍተት። ይህ የራሴ ግምት ነው፤ ግን ማንም ከዚያ ቦታ ቆሞ ያን ዘፈን ቢሰማ የሚለው ይመስለኛል።

ስለ ሸክላው ሌላኛው ፊት ሰዎች ብዙ አያወሩም፤ እኔ ግን ልቤ እዚያም ቀርቷል። መጀመሪያ ሁለት የኮሜት ዜማዎች አሉ። ኮሁቴክ የሚባለው ጅራታም ኮከብ በ1973 ሃምቡርግ በሚገኝ የጠፈር ምልከታ ጣቢያ ተገኘና ዓለም ሁሉ የዘመኑን ብርሃን ያያል ተብሎ ተጠበቀ፤ ሲመጣ ግን የተጠበቀውን ያህል አልደመቀም። የመጀመሪያው ዜማ ከባድና ጨለማ ነው፤ ሁለተኛው ግን ይፈነጥዛል! ሰማይ ላይ ያልደመቀውን ኮከብ እነሱ ሸክላ ላይ አደመቁት። ቀጥሎ እኩለ ሌሊት የሚል ርዕስ ያለው ጠብ ጠብ የሚል አስፈሪ ሙዚቃ ይመጣና ያልፋል። መጨረሻው የጠዋት ሽርሽር ይባላል። እሱን ያዳመጥኩት ዱሰልዶርፍ አድረን በማለዳ ራይን ዳር እየተራመድኩ ነው። ወፎች ይንጫጫሉ፤ ወፎቹን የሠሯቸው በማሽን ነው። የማሽኑ ወፎችና የወንዙ ዳር ወፎች እየተቀባበሉ ሳለ ድንገት ፍሉት ገባ። የሰው ትንፋሽ! ፍሎሪያን ሽናይደር የተማረው ፍሉት ነበር። ድምፁ ጠዋት ከብቶች ሲወጡ ከሩቅ እንደሚሰማ ዋሽንት ሆነብኝና እርምጃዬ ቆመ። ከዚህ አልበም በኋላ ክራፍትቨርክ ፍሉቱን ትተው ሙሉ በሙሉ ወደ ማሽኑ ሄዱ። ስለዚህ ይህች የጠዋት ሽርሽር ስንብትም ናት፤ ሳያለቅሱ የተሰናበቱባት። ሐሳቤ አሜሪካ ድረስ ሄደ፤ ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ የቀዳት ካሴት ትዝ አለችኝ። እነዚህና እሱ አይተዋወቁም፤ ግን ማሽንን ለማዳ ማድረግ በሁለት አህጉር በሁለት ቋንቋ ይቻል ነበር።

«አውቶባን» ራሱም ሩቅ ተጉዟል። በ1975 ዘፈኑ ወደ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ታጥፎ የአሜሪካ ሬዲዮ ላይ ወጣና በነጠላ ዜማ ሠንጠረዡ 25ኛ ደረጃ ደረሰ፤ አልበሙ ደግሞ 5ኛ። ሰዎቹ ቀጥለው ሌሎች አልበሞች ሠሩ፤ የእነሱን ዜማ ኒው ዮርክ ላይ አፍሪካ ባምባታ የተባለው ዲጄ በ1982 ወስዶ ሂፕሆፕን አንቀሳቀሰበት፤ ዲትሮይት ያሉ ጥቁር ወጣቶች ደግሞ ያንኑ ማሽን ሰምተው ቴክኖ የሚባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ። የጀርመን አስፋልት ድምፅ የመኪና ከተማ የሆነችው ዲትሮይት ውስጥ ዘመድ ማግኘቱ አያስገርምም።

ከመመለሳችን በፊት ዱሰልዶርፍ አንድ የሸክላ ሱቅ ገባን። ሻጩ ወጣት ነው፤ «አውቶባን»ን ስጠይቀው ሳያመነታ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ያች ቮልስ አሁን የእኔ ሆነች! የአክስቴ ልጅ ትላንት በመንገድ ላይ የሆነውን ሁሉ በጀርመንኛ ስትተርክለት ዐይኑ በራ። ወደ መደርደሪያው ተመለሰና ሌላ ሸክላ አመጣ፤ አራት ሰዎች ሱፍ ለብሰው ካራቫት አስረው የተነሱት ፎቶ ነው። በ1977 የወጣው «ትራንስ-ኦሮፓ ኤክስፕረስ»። ስሙ ከ1957 ጀምሮ የምዕራብ አውሮፓን ከተሞች ያገናኙ ከነበሩ፣ አንደኛ ማዕረግ ብቻ ካላቸው ባቡሮች የመጣ ነው። ሻጩ ትንሽ አስደመጠኝ። ሐዲዱ ቀ-ቀ፣ ቀ-ቀ ይላል፤ ከላዩ ዜማው እንደ ረጅም ፉርጎ ይሳባል። ይህን ደግሞ መኪና ውስጥ መስማት አይሆንም አለን፤ በባቡር መስኮት በኩል ነው።

«ከኮሎኝ የፓሪሱ ባቡር ስንት ሰዓት ነው?» አልኳት የአክስቴን ልጅ፤ ገና ሂሳብ አልከፈልንም ነበር።